መብራት ጠፍቶ ሲመለስ

ታዎዩዋን፣ ታይዋን
ጃንዋሪ 12 ቀን 2019

ይድረስ ለጂን-ቱ፣

እንዴት ከርመሃል? የቬትናም ሙቀት አልጎዳህም? እኛ አለን፤ አባትህ ከኦክስጅን ማሽናቸው ጋር፣ እኔ ከድካሜ ጋር። ዝም ስላልኩህ አትቀየመኝ፤ ብትቀየምም ማባበያ ጉልበት የለኝም።

ፋብሪካችን አሁን የሚሠራው እንደ አባትህ ማሽን ላሉት መብራት መጥኖ የሚሰጠውን ፓወር ሳፕላይ ነው። ደጋግመን ስናጠፋና ስናበራው ቮልቴጁ ከልክ በላይ እየዘለለ ካፓሲተር ያፈነዳብን ነበር። አለቃችን ፋን ምን ቢል ጥሩ ነው? "አይ ሹ-ዬ! አናቱ ላይ ያስቀመጥንለት አረንጓዴ የቺፕስ ከረጢት እኮ ጊዜው አልፎበታል! እንዴት አይቆጣ?" መቼም ያለዚያ የዕድል ከረጢት እዚህ አገር ማሽን አደብ እንደማይገዛ ሁሉም እንደሚያምን ታውቃለህ። ባልደረቦቼ ማሽኑን አጥፍተው ሱቅ ለሱቅ ዞሩ። አዲስ ከረጢት መጣ፤ ማሽኑ ሲበራ ጸጥ ብሎ ሠራ። ተጨበጨበ።

"በይ ደህና ነው ብለሽ ፈርሚ፣ መርከቡ አይጠብቀንም" አለኝ ፋን።

ልቤ አልቀበል አለ። እነሱ ሱቅ ሲዞሩ ማሽኑ አርፏል፤ ካፓሲተሩም ያጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ጨርሷል። ከረጢቱ እዚያው እንዳለ መብራቱን ቆርጬ ወዲያው መለስኩት። ጧ! አዲሱ ከረጢት ጥላሸት ለበሰ።

"አንቺ ሴት፣ የአዲስ ዓመት በዓላችንን ልታበላሺ ነው?" ብሎ ፋን ጮኸ።

"አማቴ ቱቦው አፍንጫቸው ላይ እያለ መብራት ጠፍቶ ቢመጣስ?"

አልፈረምኩም። ማሽኑ መብራት ለቅጽበት ሲቋረጥበት መቋረጡን አያውቅም፤ መብራቱ ሲመለስ ካቆመበት በሙሉ ጉልበቱ ይቀጥላል። አሁን ትንሽ እንኳ ቢቋረጥ ከታች ጀምሮ ቀስ ብሎ እንዲነሳ አድርጌዋለሁ። መርከቡ ግን አመለጠን፤ ምሳ ላይ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ጠፍቷል።

ለመጪው የጨረቃ አዲስ ዓመት እመጣለሁ ብለህ ለአባትህ ነግረሃቸዋል። ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ቱቦውን ነቅለው "እሱ ነው እንዴ?" ይሉኛል። ትናንት ደግሞ "ክፍላችሁን አሰናዳሽ ወይ?" አሉኝ። አላሰናዳሁም። ያን ቀን ተጣልተን ሻንጣህን አንስተህ ስትወጣ እሳቸውን ለእኔ ጥለህ እንደሄድክ አልረሳሁም። ናፍቀኸኛልም። ሁለቱም እውነት ነው።

ስለዚህ ና፤ ግን ትናንት እንደወጣ ሰው ዘው አትበል። አንኳኳ። መጀመሪያ ከአባትህ ጋር ሻይ ጠጣ። አልጋህን እሳቸው ክፍል አንጥፌልሃለሁ፤ ሌሊት ሲያስላቸው አንተ ትነሳለህ። እኔም እስቲ አንድ ቀን እስኪነጋ ልተኛ።

የአያቶችህ መንፈስ መንገድህን ይጠብቅልህ፤ ደህና ግባ።

ሹ-ዬ
(ሚስትህ ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝኩት። ስትመጣ እናያለን።)