ቡቱቶ ያልከው ጨርቅ

ለወንድሜ፣

እንዴት ነህ? ያ የወገብህ ሕመም ለቀቀህ ወይስ አሁንም ወንበር እየመረጥክ ነው የምትቀመጠው? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ነው? ደረጃውን ያለ ሰው ትወርዳለች? ቤቱ፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉም ሰላም ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ ንዴት በሽታ ካልሆነ።

የላክህልኝ ፎቶ ደርሶኛል። የአባባን መኪና አስወልውለህ «እቴቴ፣ አላወቅሽውም አይደል?» ብለሃል። አዎ፣ አላወቅኩትም። መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ኮፈኑ ጠርዝ ላይ ነው። ቀለሙ አልቆ ከሥሩ ቀዩ የመሠረት ቀለም ወጥቷል። አንተ የፀሐይ ነጸብራቅ መስሎህ ይሆናል። እኔ ግን የፖሊሽ ማሽን ይዤ የምውል ሰው ነኝ፤ ማሽን የላጠውን አውቃለሁ። ማሽን ጭረት የሚያጠፋው ቀለሙን እየላገ ነው። እዚህ የምንሠራቸውን መኪኖች ባለቤቶቻቸው ቀለሙ ሳያልቅ ይቀይሯቸዋል። የአባባ መኪና ግን ከተገዛ ጀምሮ ያው አንድ ቀለም ነው ያለው። አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያን ሁሉ ዘመን ቅዳሜ ቅዳሜ በእጁ ሰም ሲቀባው የኖረው ሥራ ፈትቶ መሰለህ? ፀሐይና ዝናብ ሰሙን ይብሉ፣ ቀለሙ ይትረፍ ብሎ ነው።

ደግሞ ያ ፈጣኑ የምትሉት ፖሊሽ ሠሪ ጓደኛህ «ለሰርግህ አንድ ዙር ልድገመው፣ ፊታችሁን ታዩበታላችሁ» አለህ አሉ። ድፍረቱ! ከደገመውማ የምታዩት ላሜራውን ነው፣ ከዚያ ዝገቱን። ማሽኑን ይዞ ወደዚያ መኪና እንዳይጠጋ። እጮኛህ ፊቷን ማየት ካማራት መስታወት ግዛላት።

እስከዚህ ያለውን በትዕግሥት ልጽፍልህ እችል ነበር። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ትንሿ እህታችን በስልክ ነገረችኝ። እማዬ እንደ ልማዷ የአባባን ሸሚዝ ለሰም መቀቢያ ቀድዳ፣ ቀለሙን እንዳይጭሩ ቁልፎቹን ነቅላ፣ አጣጥፋ በረንዳ ላይ ብትጠብቅህ፣ «አንቺ ደግሞ! ቡቱቶሽን አስገቢ፣ ዘመኑ የማሽን ነው» አልካት። እሷም አንስታ አስገባች።

ቡቱቶ! የትኛውን ሸሚዝ እንደቀደደችው አይተሃል? ሰማያዊውን ነው። አባባ እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚለብሰውን። ያረጁት አላለቁም፤ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሞልተዋል። ሰማያዊውን ያወጣችው ሙሽራ የሚሄድበት መኪና ስለሆነ ነው። አንተ ጎንበስ ብለህ እንኳ አላየኸውም።

አሁን ስማኝ። የአባባን ሰም ከመሣሪያ ሣጥኑ አውጣ። መኪናውን ጥላ ሥር አቁመህ በእጅህ፣ ቀስ እያልክ ቀባው። ቀዩ የወጣበት ላይ ሰሙን አብዛው፣ ዝገት እንዳይገባ። ሰርገኛው አይቶ ምን ነካው ካለ «እኔ ነኝ ያስላጥኩት» በል።

ለአጎታችን ጤና ይስጥልኝ በልልኝ፤ ሲጋራውን ቀነሰ? ለእጮኛህ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ሳላያት ወድጃታለሁ፣ ትታገሥህ። ትንሿን እህታችንን ነገር አመላላሽ ብለህ እንዳትቆጣት፤ እኔ ነኝ ያወጣጣኋት። ፈጣኑን ሰላም እንዳትልልኝ። እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ጨርቁን የት እንዳስገባችው ግን ሰው ልከህ እንዳታስጠይቅ። ራስህ ሄደህ ጠይቃት፤ ቅዳሜ ትፈልገዋለህ።

እህትህ
ከፖሊሽ ቤቱ ዕቃ ክፍል፣ ሰኔ 14