ማናለብሽ የተባሉት አያቴ

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

ዛሬም አረሙኝ። ቦሌ፣ የመኪና ኢንሹራንስ ላድስ ገብቼ። ልጅቷ መታወቂያዬን አየች፣ ፈገግ አለች፣ «ህሊና ደረጀ ማናለብህ» ብላ ጻፈች። «ሽ» ነው አልኳት። የአያት ስም የሴት አይሆንም አለችኝ፣ ያዘነችልኝ መስላ። ደግማ እንድትጽፍ አደረግኳት። ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ ማን አለብኝ ባይ ናት አለ። ይበል። ማስታወሻዬ፣ ይቺን ቀልድ ለምጃታለሁ።

ናሆም ደወለ። ወንድሜ ቅዳሜ ሲኤምሲ ሽማግሌ ይልካል፣ ለሜሮን ቤተሰቦች። የሜሮን አባት ዘር የሚያስቆጥሩ ሰው ናቸው አሉ። ስለዚህ ናሆም የራሱን መታወቂያ «ማናለብህ» አስብሎታል። እኔም ከሠርጉ በፊት እንዳስቀይር ይፈልጋል። የእህትና የወንድም አያት ይለያያል ወይ? አንድ ፊደል ናት እኮ። አባዬም የጸሐፊ ስህተት ነው ብሎታል። የቱ ጸሐፊ? አላውቅም አለኝ። ዝም ብለሽ አስተካክይ።

ዝም ብዬማ አላስተካክልም።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ከሥራ በኋላ ገርጂ፣ አባዬ ቤት። አቶ ማናለብህ የት ተወለዱ? ወሎ። ወሎ የት? ዜና ልስማበት። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረው። ፎቶ የለም። መቃብር የለም። ወንድም፣ እህት፣ የአጎት ልጅ፣ ምንም። ሰው እንዴት ጎረቤት እንኳን ሳይኖረው ኖሮ ይሞታል?

ናሆም ሶፋው ላይ ተጋድሞ ሰባት ቤት ይሸመድዳል። ከማናለብህ በላይ ያሉትን አባዬ ገና ትናንት ነው የነገረው። አንዱን ሁለቴ ጠራው። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ተናደድኩ።

ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። ማናለብሽ የሚባሉ ሴቶች ሞልተዋል። በአያት ስም ግን ከእኛ በቀር አንድም አላገኘሁም።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ፣ አመሻሽ

ከመ/ቤት ፈቃድ ወስጄ ለሚ ኩራ ሄድኩ፣ እታለም ጋ። የአባዬ አክስት ናቸው፣ የእናቱ ታናሽ። ስለ አቶ ማናለብህ ይንገሩኝ አልኳቸው።

«የምን አቶ?» አሉ። ሳቁ። በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። «እህቴን አቶ አደረጋችኋት?»

ማስታወሻዬ፣ ማናለብሽ የአባዬ እናት ናት!

እኛ ሳንወለድ ነው የሞተችው። ቤት ውስጥ «እምዬ» ነው ስሟ፣ ሌላ ስም ይኖራት ይሆን ያለ የለም። የአያት ስም ሲባል የወንዱ ነው፣ የሴቷን ማን ይጠይቃል።

ያስረገዛት ሰውዬ የባለጠጋ ልጅ ነበር አሉኝ እታለም። ስታረግዝ የኔ አይደለም አለ፣ ሽማግሌ ፊት ማለ። ልጁ ለትምህርት ሲደርስ እጁን ይዛ ወሰደችው። አስተማሪው የአባት ስም ጠየቃት፣ የራሷን ነገረችው። የሴት ስም አልጽፍም አላት። አባቱም እኔ እናቱም እኔ ብላ ከበሩ አልነቀልም አለች፣ እስኪጽፍ ድረስ። እታለም አብረዋት ነበሩ።

ስህተት አይደለም። ማንም ጸሐፊ አልተሳሳተም። መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ መጣሁ። ኮራሁ፣ ሌላ ቃል የለኝም።

ኅዳር 6፣ አርብ

አባዬን ፊት ለፊት ጠየቅኩት። አልካደም። ት/ቤት ስሙ በተጠራ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ ይስቅበት ነበር። ሴት ያሳደገው ይሉት ነበር። ልጁን ደግሞ አማቾቹ ከደጅ እንዲመልሱት አይፈልግም። አዘንኩለት፣ በጣም። እያዘንኩም ተናድጃለሁ። ሴት አሳድጋው ምን ጎደለው? ያ ሰውዬ አንዴ ካዳት። እኛ ደግሞ ጭራሽ ወንድ አድርገን ልናጠፋት ነው?

ለናሆም ነገርኩት። ያውቃል! ካወቀ ቆይቷል። ነገሩ እስኪያልቅ አፍሽን እንዳትከፍቺ አለኝ። አልከፍትም፣ ሠርጉ የሱ ነው። የራሴን ስም ግን አልነካም አልኩት። ጮኸብኝ። ይጩህ።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

አባዬ ቤት። ሽማግሌዎቹ ሲኤምሲ ናቸው። ሳሎን ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ፣ እጄ አላርፍ ብሎኝ።

ቅድም ጋሽ ታደሰ ደወሉ፣ የሽማግሌዎቹ ተናጋሪ። አባዬ ስፒከር ላይ አደረገው። ሰባት ቤቱ በደህና አለፈ። ናሆም ተፍነከነከ። ግን የሜሮን ሴት አያት ከጓዳ ብቅ ብለው አንድ ነገር ጠይቀዋል፣ የደረጀ እናትስ ማን ይባላሉ? የእናቱ ወገን ሳይነገረኝ ልጅ አልሰጥም ብለዋል። ጋሽ ታደሰ ስሟን ፈለጉ።

አባዬ እውነቱን ከተናገረ፣ ማናለብህና ማናለብሽ፣ ባልና ሚስት አንድ ስም ሊኖራቸው ነው። ሌላ ስም ከፈጠረ እናቱን በገዛ አፉ ሊክዳት ነው። ናሆም በእጁ ምልክት ይሰጣል፣ የሆነ ስም በል በቃ። እኔ አባዬን ብቻ አየሁት።

«ማናለብሽ» አለ።

ጋሽ ታደሰ የአባትህን አልጠየቅኩህም አሉ።

«አባት አልነበረኝም፣ ጋሼ። እናቴ ናት። እንደዚያው ይንገሩልኝ።»

ዘጋው። ናሆም በሩን አላትሞ ወጣ። አባዬ ቁጭ ባለበት ነው። ሻይ ላምጣልህ ብለው አልፈልግም አለኝ።

ሲኤምሲ ምን እየተባለ እንደሆነ አናውቅም። ሜሮን ከቀረች ናሆም ዕድሜ ልኩን አያናግረንም። ፈርቻለሁ። ግን ስሟ ተጠራ፣ በሰው ፊት፣ በልጇ አፍ።

ስልኩ እየጠራ ነው። የማናውቀው ቁጥር። አባዬ አንሺው አለኝ። እሺ። ማን ልበል ካሉኝ እስከ አያቴ ነው የምነግራቸው፣ በ«ሽ»።