ወንበር ልንመርጥ ሄደን

ሜዴሊን፣ እሑድ መጋቢት 9

ውድ ወንድም ጋሼ ኤቬሊዮ፣

እዚያ ቺሌ እንዴት ናችሁ? ልጆቹስ? እኔ እስከ ትናንት ችግሬ ወገቤ ብቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ በምግብ ጠረጴዛው ወንበር ኮምፒውተር ላይ ስጽፍ ውዬ መነሳት አቃተኝ። ሐኪሟ «ወይ ወንበሩን ቀይሪ፣ ወይ ሥራውን» አለችኝ። ትናንት ከአባባ ጋር መሀል ከተማ ወረድን።

አባባን ታውቀዋለህ። ገና ከበሩ አንድ ትልቅ ጥቁር የሥራ አስኪያጅ ወንበር አየና «ይሄ ነው! በስክሪን ሲያዩሽ አለቃ ትመስያለሽ» አለ። ተቀመጥኩበት፤ እግሬ ተንጠለጠለ። ሻጩ ዊልማር ሳቀ።

«እቤት በጫማ ነው የምትሠሪው?»

«በባዶ እግሬ።»

«እንግዲያው አውልቂ። በጫማ የመረጥሽው ወንበር እቤት ስትገቢ ከፍ ይልብሻል።»

ሌላ ወንበር አመጣ። መቀመጫውን ዝቅ፣ መደገፊያውን ወገቤ ላይ አደረገልኝ። እግሬ መሬት ነካ።

አባባ ቀናብኝ። «ተነሺ እስቲ፣ እኔም የሹፌር ወገብ ነው ያለኝ» ብሎ ተቀመጠና ጫማውን አወለቀ።

ካልሲው በደም ርሷል። ከጫማው ውስጥ የቢራ ቆርኪ ዱብ አለ።

ጠዋት ከቤት ከወጣን ጀምሮ ሲረግጠው ነበር። ቁልቁለቱን፣ የባቡር ጣቢያውን ደረጃ፣ ሁሉንም።

«አባባ፣ አላመመህም እንዴ?»

«ኧረ! ይሄ ደግሞ ከየት ገባ?» ብሎ ሳቀ።

ዊልማር አልሳቀም። ተንበርክኮ አውራ ጣቱን ቆነጠጠው። «አባት፣ ይሰማዎታል?»

«ምኑ?» አለ አባባ።

ቀኝ እግሩ ነው፣ ወንድም ጋሼ። የፍሬኑ። በዚያ እግር ነው ጠዋት ጠዋት የሰፈሩን ተማሪዎች በሚኒባስ ጭኖ ያንን ቁልቁለት የሚወርደው። ስኳር በሽታዬ ቀላል ነው እያለን፣ እግሩ ደንዝዟል!

ቁስሉን አሳጥበነዋል፤ ሐሙስ ሐኪም ያየዋል። እስከዚያ አትንዳ ስለው «ሠላሳ ዓመት ማንን ገጨሁ?» ይለኛል። «ለኤቬሊዮ እንዳትነግሪ፣ ሥራውን ጥሎ ይመጣል» ብሎኛል። ስለዚህ አልነገርኩህም።

አሁን ይህን ስጽፍልህ በጎን ክፍል መሳቢያ ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«ሉስ ዳሪ! የመኪናዬን ቁልፍ አላየሽም? ነገ ሰኞ እኮ ነው!»

«አላየሁም፣ አባባ።»

ወንበሩ ጥሩ ነው። ብዙ ያስቀምጣል። ቁልፉ ላይ ተቀምጬ እንኳ አይቆረቁረኝም።

ድንግል ማርያም ልጆቹን ትጠብቅ፤ የአንተንም፣ የሚኒባሱንም።

እህትህ
ሉስ ዳሪ