ስለ ጎበጠው ዘንግ ለሥራ አስኪያጃችን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የውሃ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለወንበርዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። ወገብዎም ቀጥ እንዳለ ይኑር፤ አንድ ነገር ከጎበጠ በኋላ ማቃናቱ ምን ያህል እንደሚያለፋ በእኛ ቤት አይተናልና ለእርስዎ አንመኝም።

እኔ ሰው ከዳር ዳር በጀልባ የሚያሻግረው፣ ሰፈሩ «ካፒቴን» የሚለው ሰው ታናሽ ወንድም ነኝ። በአደባባይ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ፤ በቢሮዎ በር በኩል ደጋግሜ ሞክሬ፣ ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለውን በ«ደኅና ዋልክ» ፋንታ ትለኝ ስለ ጀመረች ነው። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ጽሕፈት ቤትዎ ከጀልባ ማረፊያው ፊት ለፊት «ከውሃ በታች አደጋ አለ» የሚል የብረት ምልክት ስላቆመልን እናመሰግናለን። ምልክቱ ሲተከል በዚያ ቦታ ከውሃ በታች አንዳችም አደጋ አልነበረም። ራሱ ምልክቱ ወድቆ ከሰመጠ ወዲህ ግን ጽሑፉ እውነት ሆኗል። የወንድሜ ሞተር የተጋጨው ከዚሁ ብረት ጋር ነው፤ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግም ጎበጠ። ጽሕፈት ቤቱ ቃሉን አያከብርም ብለን ያማን ሁሉ ይቅርታ እንጠይቃለን።

፪ኛ/ በዚህ ውሃ ላይ የሚሠራ ጀልባ ሁሉ አንድ ዓይነት ሞተር እንዲገጥም፣ ሲበላሽም በጽሕፈት ቤቱ ጋራዥ ብቻ እንዲጠገን ስላዘዙልን እናመሰግናለን። መለዋወጫ እንደ ልብ እንዲገኝ ታስቦ ነው ተብለናል። የዚህ አርቆ አሳቢነት ጥቅም የገባን በቅርቡ ስለሆነ፣ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

፫ኛ/ ስለ ጥገናው። የጋራዡ ኃላፊ ዘንጉን በሞርሳ አስሮ በመዶሻ ካቃናው በኋላ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየውና ቀጥ ብሏል አለ። እውነቱን ነው፤ ዘንጉ ቆሞ ሳለ ቀጥ ያለ ነበር። ሲዞር ግን ጀልባው ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ውሃው በዘንጉ ዙሪያ ባለው ማገጃ ጎማ አልፎ ገባ፣ የማርሹ ዘይትም ከውሃ ተቀላቅሎ ወተት መሰለ። ወንድሜ መልሶ ሲወስደው ኃላፊው ጥቂት አሰበና የሞተሩን ክዳን ቀለም ቀባው። ቀለሙ ያምራል፤ ይህንንም ማለት ይገባኛል። በመጨረሻ አንድ የቶርኖ ቤት ሰው፣ አንዴ የጎበጠ ዘንግ አይታመንም፣ አዲስ ግዙ ብሎ መከረን። ወንድሜና ሚስቱ ለማድ ቤት ያስቀመጡትን ቆርቆሮ ሸጠው አዲስ ዘንግ ገዙ፤ በዘይት ወረቀት እንደተጠቀለለም ለጋራዡ አስረከቡ። ለመግጠም የእርስዎ ፊርማ ያስፈልጋል ተባለ። ፊርማዎም ከእርስዎ ጋር ስብሰባ ላይ ነው።

፬ኛ/ አራተኛውን በምን ስም እንደምጠራው አላውቅም። እናታችን የምትኖረው በወዲያኛው ዳር ነው። ስኳር እግሯ ላይ ያወጣው ቁስል በየጊዜው መታጠብ አለበት፤ የሚታጠበውም በዚህኛው ዳር ባለው ክሊኒክ ብቻ ነው። ወንድሜ ሞተሩ ጋራዥ ከገባ ወዲህ በመቅዘፊያ ያመላልሳት ነበር፤ ማታ ማታ ሚስቱ ጀርባውን ስታሽ እሱ ጥርሱን ነክሶ ቀልድ ያወራል። አሁን ነፋሱ ገብቷል፤ ነፋስ ከገባ በኋላ ደግሞ መቅዘፊያ የትም አያደርስም። እናታችን በዓሣ አስጋሪዎች በኩል፣ ልጄን አታድክሙብኝ፣ እግሬም እንደ እኔው አርጅቷል ብላ ልካለች። የክሊኒኩ ነርስም ከማጠብ አልፋ ስለ መቁረጥ ማውራት ጀምራለች። ለዚህ የትኛውን ክፍል ማመስገን እንዳለብኝ ቢጠቁሙኝ፣ እታዘዛለሁ።

የምንጠይቀው ነገር የለም። መጠየቁን ሞክረነዋል።

ጊዜዎን በማይሻማ አክብሮት፣ በስብሰባዎችዎ ማግስት ቀን እንደሚኖር ተስፋ ማድረግ ያቆመ፣ ትሑት ተገልጋይዎ፣
የካፒቴን ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ የጽሕፈት ቤትዎ ጀልባ ባለፈው ሳምንት ያንኑ ምልክት በመግጨቱ አዝነናል፤ ኮፍያዎ መርጠቡንም ሰምተናል። በማግስቱ ጠዋት ተጠግኖ ሲወጣ በማየታችን ግን ተደስተን ሳናበቃ፣ ወንድሜ ጋራዥ ሄዶ የዘይት ወረቀቱን ባዶውን አገኘው። ኃላፊው ትከሻውን ያዝ አድርጎ፣ «ካፒቴን፣ አንተ እኮ ትዕግሥተኛ ነህ፤ እሳቸው ግን ስብሰባ አለባቸው» አለው። የአንድ ዓይነት ሞተር ጥቅም የገባን ያን ጊዜ ነው፤ ዘንጋችን ልክክ ብሎ ገብቷል አሉ።

በዚያው ቀን ወደ ስብሰባዎ ሲሄዱ በወዲያኛው ዳር አጠገብ አልፈዋል። እናታችን የሞተሩን ድምፅ ሰምታ ልጄ መጣ አለች፤ ደኅናው እግሯ ላይ ጫማ፣ በታመመው ላይ ፌስታል አድርጋ፣ ጎረቤቷን ተደግፋ እስከ ውሃው ወረደችና እጇን አነሳች። እርስዎም እጅዎን አውለብልበው ማለፍዎን ዓሣ አስጋሪዎቹ ነግረውናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ጎረቤቷ ተሳስተሻል፣ ጀልባው የልጅሽ አይደለም ብላ መልሳታለች። እኔ ግን አልተሳሳተችም እላለሁ፤ ከውሃው ሥር ይዞር የነበረው የልጇ ነው።