መጋረጃ የሌለው የሲግናል ቤት

ለምወድህ ወንድሜ፣ ለጋሽዬ፦

ሰላምታዬን ዘንድሮ ከወገብህ ልጀምር፤ እንዴት ነው ወገብህ? መጋዘን ውስጥ ሳጥን ባነሳህ ቁጥር አሁንም ቀጥ ያደርግሃል ወይስ አለቃህ አዝኖልህ ተቀምጠህ የምትሠራው ነገር ሰጠህ? አንተስ ራስህ እንዴት ነህልኝ? እንቅልፍህስ? እትዬስ እንዴት ከረመች፣ ያ ሳል ለቀቃት? መንትዮቹ ልጆቻችሁስ የፊት ጥርሳቸው በቀለ ወይስ ፎቶው ላይ እንዳየሁት አሁንም እንደ አሮጌ ማበጠሪያ ናቸው? የሁላችሁንም ደህንነት እስክሰማ ልቤ አያርፍም።

እኛ ደህና ነን። ይህን ስል እንደ ወትሮው ለማለት ያህል እንዳይመስልህ። እማዬ ካረፈች ወዲህ "ደህና ነን" የሚለውን ቃል ሳልዋሽ የጻፍኩት ገና ዛሬ ነው።

በስልክ ያልከኝን አልረሳሁትም። የአባባ የጉዞ ወረቀት ሁሉ አልቆ የሚቀረው የእሳቸው እሺታ ብቻ እንደሆነ፣ እኔ ቀስ ብዬ አሳምኛቸው ወዳንተ እንዲመጡ እንደምትፈልግ ነግረኸኛል። በደወልክ ቁጥር "ነገ እነግራቸዋለሁ" ስልህ ምን ያህል እንደምትናደድብኝም ከድምፅህ ይገባኛል። አሁን መልሱን ይዤልሃለሁ። በስልክ ያልነገርኩህ እኔን ስለምታውቀኝ ነው፤ ገና "ሃሎ" ስል እንባዬ ይቀድመኛል፣ አንተም "አይዞሽ" ስትል መስመሩ ይቆረጣል። ስለዚህ ሻይህን ቅዳና ቁጭ ብለህ አንብበው።

የአባባን ነገር እስከ ዛሬ ሙሉውን አልነገርኩህም። ሩቅ ያለን ሰው ማስጨነቅ ምን ይጠቅማል ብዬ ነው። ጠዋት ተነስተው በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ማታ ከእሷው ተነስተው ይተኛሉ። ምግብ ሳቀርብ "በልቻለሁ" ይሉኛል። ማን አብልቷቸው? ከእኔ ሌላ የደበቋት ልጅ አለቻቸው እንዴ? በዚህ ላይ የባቡር ድርጅቱ ሰዎች ሲግናል ቤቱን አፈረሱት። ባቡሮቹን አሁን ከሌላ ከተማ በኮምፒውተር ነው የሚያዟቸው አሉ። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዘንግ እየጎተቱ ባቡር ያሳለፉባት፣ እኔና አንተ ምሳቸውን ይዘን "እኔ ልያዝ፣ እኔ ልያዝ" እየተባባልን ደረጃዋን የወጣንባት ያቺ ዙሪያዋን መስተዋት የሆነች ክፍል በአንድ ቀን የጡብ ክምር ሆነች። አባባ ስትፈርስ አላዩም። በሐዲዱ በኩል ያለውን የቤታችንን መስኮት በእንጨት መዝጊያው ዘጉት፤ ከዚያ ወዲያ እኔም ልክፈተው ብል ፊታቸውን ያጠቁሩብኝ ጀመር።

እኔ ደግሞ ዝም ብሎ ማየት አልሆነልኝም። አንድ ቀን የደንበኛዬን ቀሚስ እያጠበብኩ፣ ሲግናል ቤቱን ለምን በትንሹ አልሠራላቸውም የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ቀሚስ የሰፋ እጅ ቤት መስፋት ያቅተዋል? ካርቶን ከጫማ ሻጩ ለመንኩ። ግድግዳውን በምላጭ ቆረጥኩ፤ የመስኮቶቹን ፍሬም በክብሪት እንጨት፣ መስተዋቱን አዲስ ሸሚዝ ከሚጠቀለልበት ላስቲክ አወጣሁት። ካርቶን ላይኛውን ልጣጭ ስታነሳለት ውስጡ ሽንሽን ነው፤ እሱን ግራጫ ብቀባው ቁርጥ የቆርቆሮ ጣራ ሆነልኝ። ደረጃው ግን ላብ በላብ አደረገኝ። ኮላው አልይዝ እያለ ይንሸራተታል፤ አንዴ ጨርሼው ተኝቼ ጠዋት ብነሳ እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፎ ጠበቀኝ። ዘንጎቹን ባለቀለም ራስ ስፒሎቼን ሰክቼ ሠራኋቸው፤ ቀዩን ከቀይ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ፣ ቢጫውን ከቢጫ፣ ልክ የስፌት ክሬን መደርደሪያ ላይ እንደማስቀምጠው። በመጨረሻም ልብስ ሰፊ አይደለሁ፣ ባዶ መስኮት ሳይ እጄን ይበላኛል፤ ከተረፈኝ ሳቲን ለመስኮቶቹ ሁሉ መጋረጃ ሰፋሁላቸው። ዘርፍ ሳይቀር።

መብራቱን የገጠመልኝ ሬዲዮ ሠሪው ጎረቤታችን ነው፤ ያ ወሬ የማያልቅበት። ከጣራው መሐል ነጭ አምፖል አንጠልጥሎ ሽቦውን ከባትሪ ድንጋይ ጋር አገናኘው። ሲያበራው ዓይናችንን ጨፈንን። "ይቺማ ሠርግ ቤት ሆነች" አለኝ። እኔም በኩራት ልፈነዳ ደረስኩ።

በበነጋታው አመሻሽ ላይ ቤቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ በጨርቅ ሸፈንኳትና አባባን ጠራኋቸው። መብራት አጥፍቼ ጨርቁን አነሳሁና ማብሪያውን ተጫንኩ። ቦግ አለች። እንባቸውን እንዲጠርጉበት መሐረብ ሳይቀር ይዤ በአንድ እግሬ ቆሜያለሁ። አባባ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ዞረው አዩ። ከዚያ "እዚህ ውስጥ የሚሠራው ሰውዬ ማነው? ሰው ሊፈጅ ነው እንዴ?" አሉኝ። ኩም አልኩልህ፤ መሐረቡን ራሴ ልጠቀምበት ምንም አልቀረኝም።

እሳቸው ግን ተነስተው ወደዚያ ወደ ዘጉት መስኮት ሄዱ። እኔ እንዲከፈት ስለምናቸው የከረምኩትን መዝጊያ በገዛ እጃቸው ወለል አድርገው ከፈቱትና መስተዋቱ ፊት አቆሙኝ። የክፍሉን መብራት አብርተው ምን እንደሚታየኝ ጠየቁኝ። ራሴን ነው የማየው አልኳቸው፤ ፀጉሬም ተንጨባርሯል። አጠፉት። ያን ጊዜ ውጪው ሁሉ ታየኝ፤ ሐዲዱ፣ የማዶው አጥር፣ አጥሩ ሥር የተጋደመው ውሻ። ለካ ሲመሽ ሲግናል ቤት ውስጥ መብራት የሚበራው ከሠራተኛው መጻፊያ ጠረጴዛ እንዳያልፍ ተደርጎ ነው። ባቡር ሲያልፍ ከመጨረሻው ፉርጎ ኋላ ቀይ ፋኖስ ተሰቅሎ ይታያል። ያቺ ፋኖስ ካልታየች ባቡሩ መሐል ላይ ተበጥሶ ከፊሉ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው፤ ሌላ ባቡር ሄዶ እንዳይላተመው ወዲያው መንገዱ መዘጋት አለበት። የአባባ ሥራ ያቺን ፋኖስ በዓይን ማየት ነበር። እኔ ደግሞ አስር ቦታ ብርሃን የሚረጭ አምፖል ሰቅዬላቸው፣ በዚያ ላይ መጋረጃ!

ወደ መጋረጃው ሲመጡማ እንደ መቆጣት ብለው ጀመሩና ድንገት ሳቅ አመለጣቸው። እማዬ ገና ሙሽራ ሆና እዚህ ቤት እንደገባች በዚሁ መስኮት ላይ ቀይ መጋረጃ ሰቅላ ከኋላው ፋኖስ ታበራለች። አንድ የባቡር ነጂ ቀይ መብራት መኖር በማይገባው ቦታ ቀይ መብራት ያይና ፍሬን ይዞ ቤታችን ፊት ለፊት ቀጥ ይላል፤ ፊሽካውን እየነፋ ሰፈሩን ያነቃንቀዋል። አባባ የሲግናል ቤቱን ደረጃ በሩጫ ወርደው ሲደርሱ እማዬ እንግዳ የመጣባት መስሏት "ምነው ውጪ ቆሙ፣ ይግቡ እንጂ" እያለች ነጂውን ትለምናለች። ይህን ነገር አንተ ሰምተኸው ታውቃለህ? ለእኔ ነግረውኝ አያውቁም። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ስቀው ስቀው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። እማዬ ካረፈች ወዲህ ሁለታችን አብረን ስናለቅስ ይህ የመጀመሪያችን ነው፤ እስከዚያ ድረስ እሳቸው ከእኔ፣ እኔ ከእሳቸው ስንደበቅ ነበር የከረምነው።

ከዚያ በኋላ አለቃዬ ሆነው አረፉት። መጋረጃዎቹ ተነቀሉ። ስፒሎቹን አይተው "ይሄ ጥልፍ ነው እንጂ ሲግናል አይደለም" ብለው ሁሉንም አስነቀሉኝ። ትክክለኛውን አደራደር እንዲነግሩኝ ስጠይቃቸው ግን አፋቸው ላይ ጠፋባቸው፤ ሲጀምሩ ይሳሳታሉ፣ ይበሳጫሉ። እኔም እንዲህ ሲሆኑ አንጀቴን በሉት። በኋላ ጨርቅ አምጪልኝ አሉ። ለካ የእጅ ላብ ብረቱን ስለሚያዝገው ዘንጎቹን የሚይዟቸው በጨርቅ ነበር፤ ያለ ጨርቅ እጄ አያስታውስም አሉኝ። ጨርቁን ይዘው ክፍሉ መሐል ቆሙ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከዚያም አየሩን እየጎተቱ ባቡር ማሳለፍ ጀመሩ። አንዱን ይስባሉ፣ ሁለት እርምጃ ይሄዳሉ፣ ሌላውን ወደ ኋላ ተንጠልጥለው ይጎትታሉ፤ እኔ ከሥር ከሥራቸው ስፒል እሰካለሁ። ሬዲዮ ሠሪው በሩ ላይ ደርሶ ይህን ሲያይ ክው አለ። "ሐኪም ልጥራ?" ብሎ በጆሮዬ ሲጠይቀኝ፣ አባባ ዓይናቸውን ሳይገልጡ "ዝም በል፣ ባቡር እያለፈ ነው" አሉት። አንዲት ስፒል እንኳ ሳትሳሳት ሁሉም ቦታቸውን ያዙ።

መብራቱም እንደገና ተሠራ። ስሰፋ ጣቴ ላይ የማጠልቃትን የብረት ቆብ ወስደው ሬዲዮ ሠሪውን አናቷን አስበሱት፤ የስንዴ ፍሬ የምታህል አምፖል ውስጧ ተደብቃ ከጠረጴዛዋ በላይ ተንጠለጠለች። ብርሃኗ ነጣብኝ ሲሉ ደግሞ ሻይ ውስጥ የተነከረ ስስ ወረቀት አለበሷት። አሁን ስትበራ የምታየው ጠረጴዛዋን፣ ከዘንጎቹም ጫፍ ጫፋቸውን ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ጥላ ነው። ሬዲዮ ሠሪው "እኔ የለፋሁት ለዚህች ጭል ጭል ነው?" ብሎ ተነጫነጨ። አባባ ግን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጠዋት ከዚያ ወዲህ ጀርባቸውን ለሐዲዱ ሰጥተው አያውቁም። ሾርባቸውንም ጠጥተው ይጨርሳሉ፤ ባለፈው ሳምንት ተነስተው ብቻቸውን ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሄደው መጡ።

ያንተን መልእክት የነገርኳቸው የትንሿን ቤት ደረጃ አብረን ስናጣብቅ ነው። አንገቴን ደፍቼ፣ ቃል እየመረጥኩ ጀመርኩ። ገና ሳልጨርስ "ስልክ ስታወሪ እኮ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል፤ እኔ ደግሞ ወንበሬ በሩ ላይ ነው" አሉኝ። ለካ ከመጀመሪያው ያውቃሉ። አፍሬ ኮላ ወደ መቀባቱ ስመለስ ስለ እማዬ ጠይቀኸኝ ታውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። አሰብኩ። ስለ መድኃኒታቸው ትጠይቃለህ፣ ስለ ወረቀቱ ትጠይቃለህ፣ ጣራው ያፈስ እንደሆነ ትጠይቃለህ። እንዴት እንዳረፈች፣ ምን እንዳለች፣ የት እንዳሳረፍናት ግን አንድም ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም። አይጠይቀኝም አልኳቸው።

የነገሩኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፍልህ። "እሱ የሚፈልገው እኔን አይደለም፤ እናቱን ነው። አለቃው ከልክሎት አልቀበራትም። እሷን ማግኘት ስላልቻለ የቀረነውን በእጁ ሊይዝ ነው። እኔ ከሄድኩለት እዚህ የሚያመጣው ነገር ያልቃል፤ ይህን ቤት ሳያይ፣ ሳያለቅስላት፣ እንደታፈነ ያረጃል። እኔና አንቺ እንኳ አንድ ቤት እየኖርን ለማልቀስ ስንት ጊዜ ፈጀብን። አልመጣም በይው። እሱ ይምጣ።" ይህን ብለው ደረጃዋን በጣታቸው ጫን አድርገው ያዟት፤ ኮላው እስኪደርቅ ድረስም አልለቀቋትም።

ጋሽዬ፣ እንደምትከፋ አውቃለሁ። ለእሳቸው አልጋ እንኳ እንደገዛህ ነግረኸኛል። እኔም እውነቱን ልንገርህ፤ እሺ ብለው ቢሄዱብህ ኖሮ ይህን ቤት ብቻዬን እንዴት እንደማድርበት አላውቅም ነበርና አልሄድም ሲሉ ልቤ ቅቤ ጠጣ። አንተንም ግን ከእሳቸው ያላነሰ እፈልግሃለሁ። አለቃህን እንደ ልመና ሳይሆን እንደ መብት ጠይቀው። ስለ እማዬ ያልጠየቅከኝን ሁሉ አባባና እኔ ተቀምጠን እንነግርሃለን፤ እዚህ ደብዳቤ ላይ የማላሰፍረው ሩቅ ሆነህ ብቻህን እንዳታነበው ብዬ ነው።

እትዬን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ለሳሏ ትኩስ ነገር አይለይሽ በላት። መንትዮቹን አንድ አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግመህ ሳምልኝ፤ ለሁለቱም ቁምጣ ልሰፋ ነው፣ ልካቸውን ላክልኝ። አብሮህ የሚሠራውን፣ ወገብህ ሲይዝህ ሳጥኑን የሚያነሳልህን ጓደኛህን አመስግንልኝ። ከዚህ አክስታችን በጣም በጣም ሰላም ብላሃለች፤ ሬዲዮ ሠሪውም ሰላም በይልኝ ብሎ ሌላ ብዙ ወሬ ጨምሮበታል፣ እሱን ትቼዋለሁ። የአባባን ሰላምታ ግን አልልክልህም። ምን ልበልልዎት ብዬ ብጠይቃቸው "የእኔን ሲመጣ ከእጄ ይውሰድ" ብለውኛል።

እህትህ ትንሿ

ከቤታችን፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቅምት ፳ ቀን