ከካልሲው ደብዳቤ ጀርባ ስላሉት ሰባት መስመሮች

ለቤተ መዛግብቱ ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ጉልበትዎም የበረታ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። የጉልበቱን ነገር ያነሣሁት በከንቱ አይደለም፤ ባለፉት ሦስት ዓመታት የመሥሪያ ቤትዎን ደረጃ አርባ አንድ ጊዜ ወጥቼ ስለ ወረድሁ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚውል ሰው ጤና ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ከማንም በላይ ይገባኛል። አርባ አንዱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ። እንግዲህ ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴን ድፍረት ሳይሆን የጉልበቴ ምክር አድርገው ይቁጠሩልኝ።

ጉዳዩን እርስዎ ቢያውቁትም ጋዜጣውን የሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ስላሉ ከመነሻው ላስረዳ። ታላቅ እህቴ በከተማችን የመጀመሪያዋ ሴት ሐኪም ነበረች። ያዋለደቻቸው እናቶች «ዶክተር አይዞሽ» ይሏት ነበር፤ ከጠዋት እስከ ማታ ከአፏ የማይጠፋው ቃል እርሱ ነበርና። የዛሬ አምስት ዓመት የሕይወቷንና የሙያዋን ወረቀቶች በሙሉ በአሥራ አንድ ካርቶን አሽጋ ለመሥሪያ ቤትዎ በስጦታ ሰጠች። በዕለቱ የምስክር ወረቀትና እቅፍ አበባ ተበርክቶላታል። በምስክር ወረቀቱ ላይ ስሟ ተሳስቶ ቢጻፍም በአበባው ላይ ምንም ስሕተት አላገኘሁም፤ ስለ አበባው አመሰግናለሁ። እህቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗታል።

የችግሩ ሁሉ ሥር የወረቀት እጥረት ነው። እህቴ በወጣትነቷ በምትሠራበት ሐኪም ቤት የመመዝገቢያ ወረቀት በየጊዜው ያልቅ ነበር። እኔ ደግሞ ሩቅ አገር አስተምር ስለነበር በየሳምንቱ እጽፍላታለሁ፤ ተማሪዎቼን «በአንድ ገጽ ብቻ ጻፉ» እያልሁ እኔ በሁለት ገጽ መጻፍ ነውር ስለሚሆንብኝ ጀርባውን ባዶ እተወዋለሁ። እህቴ ብክነት አትወድም። በደብዳቤዎቼ ጀርባ ላይ አልጋ ላይ የተኙትን ሕሙማን ትመዘግብባቸው ጀመር። በዚህ ምክንያት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ወረቀቶች በፊታቸው የእኔን ወሬ፣ በጀርባቸው የሰው ሕማም ይዘው ወደ እናንተ መጥተዋል። ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ በመመሪያችሁ መሠረት የግል ወረቀቶች አንደኛ ፎቅ፣ የሙያ ወረቀቶች ሦስተኛ ፎቅ ይቀመጣሉ። የእህቴ ወረቀቶች በፊታቸው የግል፣ በጀርባቸው የሙያ ሆነው ስለተገኙ ኮሚቴው ስድስት ጊዜ ተሰብስቦ ሁለተኛ ፎቅ፣ ደረጃው ሥር ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ «በመወሰን ላይ ያሉ» በሚል ርዕስ እንዲቀመጡ ወስኗል። በአንደኛና በሦስተኛ መካከል ሁለተኛ መኖሩን ኮሚቴው ያለ ማንም እርዳታ በማግኘቱ፣ ሒሳብም ያስተማርሁ ሰው እንደ መሆኔ ደስታዬን ሳልገልጽ አላልፍም።

ሁለተኛ፦ ከደብዳቤዎቹ አንዱን ለማየት ሳመለክት የደብዳቤው ጸሐፊ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ተነገረኝ። ጸሐፊው እኔ መሆኔን ገለጽሁ። ቅጹ ለሟች ወራሾች የተዘጋጀ በመሆኑ በሕይወት ያለ ጸሐፊ የሚሞላበት ቦታ እንደሌለው በትሕትና ተረዳሁ፤ ስላልሞትሁ ይቅርታ ጠየቅሁ። አራት ወር ቆይቶ ለራሴ የጻፍሁት የፈቃድ ደብዳቤ ተቀባይነት ሲያገኝ ወረቀቱ ቀረበልኝ፤ ነገር ግን የተፈቀደልኝ ፊቱን ብቻ ስለነበር የንባብ ክፍሉ ሠራተኛ አጠገቤ ተቀምጦ ሁለቱን ጠርዞች በጣቶቹ ያዘ። «ጋሼ፣ በእኔ ሞት እንዳይገለብጡት፤ የልጆች አባት ነኝ» አለኝ። ነፋስ ቢገለብጠውስ ብዬ ብጠይቀው ተነሥቶ መስኮቱን ዘጋና ተመልሶ ጠርዙን ያዘ። እንዲህ ያለ ታማኝ ሠራተኛ ስላላችሁ እንኳን ደስ ያላችሁ፤ የደረጃ እድገት ይገባዋል።

ሦስተኛ፦ አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ። በዚያ ወረቀት ጀርባ ላይ የተመዘገበችው ሴት የዛሬ ስድሳ አንድ ዓመት ብቻዋን በጭነት መኪና መጥታ፣ ሴት ልጅ ወልዳ፣ በማግሥቱ አርፋለች። ሕፃኒቱን የሐኪም ቤቱ ልብስ አጣቢ ወስዳ አሳደገቻት። ሕፃኒቱ ዛሬ እኛ ሰፈር ያለችው ልብስ ሰፊ ናት፤ የለበስሁትን ኮት ገልብጣ ያደሰችልኝ እርሷ ናት። አሳዳጊዋን ላለማስከፋት ስለ ወላጅ እናቷ አንዲት ቃል ሳትጠይቅ ኖራ፣ አሳዳጊዋ ስታርፍ ወደ እህቴ መጣች። እህቴ በዚያን ጊዜ ብዙ ነገር ይጠፋባት ጀምሮ ነበር። የዚያችን ወላድ ስምና የመጨረሻ ንግግሯን እንደ ጻፈች ታስታውሳለች፤ ምን እንደ ጻፈች ግን አታስታውስም። «የኔ ልጅ፣ እናትሽ ያለችውን ሁሉ ጽፌዋለሁ» አለቻት፤ «ወንድሜ ካልሲ ላኪልኝ ካለበት ደብዳቤ ጀርባ ላይ ነው።» ካርቶኖቹ ግን ያኔ እናንተ ዘንድ ነበሩ።

በመመሪያችሁ መሠረት የሕሙማን መዝገብ ሰባ ዓመት ዝግ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚያየው ሕሙሙ ራሱ ወይም የተረጋገጠ ወራሽ ብቻ ነው። ልብስ ሰፊዋን ይዤ መጣሁ። በመስኮቱ ያለችው ጸሐፊ «ማዘር፣ ልጇ መሆንዎን የሚያሳይ ማስረጃ ያምጡ» አለቻት። ልብስ ሰፊዋም ማስረጃው እናንተው ጋ እንዳለ ነገረቻት። ጸሐፊዋ ደግ ልጅ ናት፤ ጥቂት አሰበችና «እንግዲያው ልጇ መሆንዎን ካረጋገጡ በኋላ እናሳይዎታለን» አለቻት።  አመስግነናት ደረጃውን ወረድን።

ሰባው ዓመት ሊሞላ ዘጠኝ ዓመት ይቀረዋል። የልብስ ሰፊዋ ዓይኖች ግን እየጠፉ ነው፤ የዓይን ሐኪሟ በወራት እንጂ በዓመታት አይቆጥርላትም። ሌላ ሰው ቢያነብላት ምን አለበት እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እኔም ይህንኑ ብያት ነበር። «መምህር፣ ሰው ካነበበልኝማ የምሰማው የአንባቢውን ድምፅ ነው» አለችኝ። የእህቴ የእጅ ጽሑፍ ደግሞ የመድኃኒት ባለሙያዎችን እንኳ ያስለቀሰ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እህቴ ለእኔ የጻፈቻቸውን ደብዳቤዎች ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ፊደሏን ሳስተምራት ቆይቻለሁ። «ለ» እና «ሰ» ትንሽ አስቸገሯት። አሁን ያለ እኔ ታነባለች። እንዲህ ያለ ትጉህ ተማሪ በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ አልገጠመኝም፤ ፈተናውን የያዛችሁት ግን እናንተ ናችሁ።

አራተኛ፦ ባለፈው ሳምንት የደረሰኝ ደብዳቤያችሁ መፍትሔ መገኘቱን ያበሥራል። ባለሙያ መጥቶ፣ ወረቀቱን በሁለት ወገን ሙጫ በተቀባ ጨርቅ አጣብቆ፣ በውፍረቱ ለሁለት ይሰነጥቀዋል፤ ፊቱ አንደኛ ፎቅ ይገባል፣ ጀርባው ሦስተኛ ፎቅ ታሽጎ ይቆለፋል። ሥራው በሚመጣው ወር መግቢያ ይከናወናል። የቤት ሥራ ላለመሥራት የተፈጠሩ ብዙ ዘዴዎችን አይቻለሁ፤ ደብተሩን በውፍረቱ የሰነጠቀ ተማሪ ግን አላየሁም።

ክቡር ሆይ፣ ያ ወረቀት ርካሽ የደብተር ወረቀት ነው፤ የእህቴም ቀለም ወደ ፊተኛው ገጽ ሰርጿል። ሠራተኛዎ ጠርዙን ይዞ በተቀመጠባቸው ሁለት ሰዓታት ውስጥ፣ በእኔ መስመሮች መካከል ተገልብጠው የሚታዩትን የእርሷን መስመሮች ቆጥሬአቸዋለሁ፤ ሰባት ናቸው። አንድም ቃል አልተነበበልኝም። ወረቀቱ ከተሰነጠቀ የእነዚያ ሰባት መስመሮች ግማሽ ቀለም አንደኛ ፎቅ፣ ግማሽ ቀለም ሦስተኛ ፎቅ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የሞተችውን ሴት ቃል ወራሽም፣ ሐኪምም፣ ኮሚቴም አያነበውም።

ስለዚህ በበኩሌ መንገዱን ላቅልልዎ። በፊቱ ላይ ያለውን ደብዳቤ የጻፍሁት እኔ ስሆን፣ ጠመኔ እንደሚሰባበርብኝ አማርሬ ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ ቢቻል ጥቁር፣ እንድትልክልኝ ለምኜበታለሁ። እህቴ ሦስት ጥንድ ልካልኛለች፤ ጉዳዩ ተዘግቷል። በዚህ ደብዳቤ ላይ ያለኝን ማናቸውንም መብት ዛሬ በጋዜጣ ፊት ትቻለሁ። ወረቀቱ እንዳለ፣ ሳይሰነጠቅ፣ የሙያ ወረቀት ይባል። ከዚያም የመመሪያችሁ አንቀጽ አሥራ ስድስት «ዋና ኃላፊው በቂ ምክንያት ሲያገኝ ዝግ ሰነድን ሊያሳይ ይችላል» በሚለው መሠረት፣ አንድ ቀን ጠዋት፣ ብርሃን ባለበት መስኮት አጠገብ፣ ለግማሽ ሰዓት ለልብስ ሰፊዋ ይሰጣት። ሠራተኛዎ ጠርዙን መያዝ ይችላል። እኔ ኮሪደሩ ላይ እቀመጣለሁ። ደክሞኛል፤ ከዚህ ሌላ የምጠይቀው የለኝም።

ለሰነዶች ደኅንነት ስላላችሁ ወደር የሌለው ጥንቃቄ፣ አንድም ሰው እንዳያነባቸው አድርጋችሁ ስላቆያችኋቸው፣ የላቀ ምስጋናዬን እያቀረብሁ፣

የቢሮዎን በር ከውጭ በኩል ጠንቅቄ የማውቀው
አክባሪዎ፣
ጡረተኛው መምህር፣ የዶክተር አይዞሽ ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ በማመልከቻው ቅጽ ላይ «የአስቸኳይነቱ ምክንያት» የሚለው ቦታ የአንድ ጣት ርዝመት ብቻ ስለሆነ አልበቃኝምና እዚህ እሞላዋለሁ። ልብስ ሰፊዋ ማክሰኞ ዕለት ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማስገባት ከጠዋት ጀምራ ሞከረች፤ እኩለ ቀን ላይ ጎረቤቷ አስገባችላት። ረቡዕ ዕለት አልሞከረችም።