ባለጦሯ ከጉድጓዱ ወጥታለች

እሑድ

ዛሬም ከእማ ጋር ተጣላን። ያው በባለጦሯ ነው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠፍታ ከርማ ዛሬ ከጉድጓዱ ወጣች። በትርጉም በሚተላለፈው የጭራቅ ድራማ ላይ ያለችው ጭራቅ አዳኝ ማለቴ ነው። ስሟ የባሕር ማዶ ስም ስለሆነ እማ መያዝ አቃታት፤ ጦሯን አይታ «ባለጦሯ» አለቻት፣ እኔም በዚያው ለመድኩ። ዋና ተዋናይ አይደለችም። አንዳንዴ ብቅ ትላለች፣ አንድ ጭራቅ ትገድላለች፣ ቤተሰቧን ሁሉ ታስለቅሳለች፣ ደህና ሁኑ ሳትል ትሄዳለች። ባለፈው ጭራቁን ተከትላ ጉድጓድ እንደገባች ነበር የቀረችው። ዛሬ ጭቃ በጭቃ ሆና ስትወጣ እማ መከዳውን አቅፋ «ብያለሁ፣ ትወጣለች ብያለሁ» እያለች ሳቀች።

እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የባለጦሯ ታላቅ እህት ከቤት አትለይም። በሩን ትጠብቃለች፣ ልጆቹን ታበላለች፣ ጭራቁ ሲመጣ ኮቴውን መጀመሪያ የምትሰማው እሷ ነች። አንድ ቀን ተመስግና አታውቅም። ይህን ብናገር እማ «አንቺ ደግሞ ምቀኛ ነሽ» አለችኝ። ቀጥላም የተለመደውን፦ «አካሄዷ ቁርጥ ሀያትን።»

ሀያት ታናሼ ናት። ዓረብ አገር ሰው ቤት መሥራት ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷ። ከደወለች ሦስት ሳምንት ሆናት። ያን ቀን ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። «ሰዓዳዬ፣ ባለጦሯ ከጉድጓዱ ወጣች?» አለችኝ። አሠሪዋ ቴሌቪዥን ስለማታስነካት ድራማውን የምትከታተለው ከእኛ እየሰማች ነው። «ዩኒፎርም ተከምሮብኛል፣ አንቺ ሥራ የለሽም እንዴ?» ብዬ ስልኩን ለእማ አቀበልኳት።

ዛሬ እማ «ወጣች ብለሽ በድምፅ ላኪላት» አለችኝ። አልላክሁም። መስማት ከፈለገች ትደውል።

ለነገ፦ የሦስት ተማሪዎች ዩኒፎርም። ጥቁር ክር። የእማን የሐኪም ካርድ መፈለግ፣ ረቡዕ ወልድያ የደም ግፊት ቀጠሮ አለባት።

ሰኞ

ረፋድ ላይ ዘሀራ ደወለች። እዚሁ ቅርብ የግራና ልጅ ነች፣ ከሀያት ጋር አንድ ከተማ ነው የምትሠራው። ሱቄ በረንዳ ላይ እየሰፋሁ ነበር። ሰላምታም ሳታስቀድም «እናትሽ አጠገብሽ አለች?» አለችኝ። የለችም አልኳት። ያን ጊዜ ገባኝ።

ሀያት ሞታለች። ራሴን አመመኝ ብላ ወደቀች፣ ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኛች፣ ሳትነቃ ቀረች። ከተቀበረች ዛሬ ስምንተኛ ቀኗ ነው። ዘሀራ ራሷ የሰማችው ትናንት ነው።

ስልኩን ዘግቼ መስፋቴን ቀጠልኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። የአንዱን ልጅ የሸሚዝ እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼዋለሁ፣ በኋላ ነው ያየሁት። ከዚያ ሱቁን ቆልፌ ግራና ሄድኩ፣ አጎቴ እንድሪስ ዘንድ። የእማ ታላቅ ወንድም ናቸው። ማሽላ እያስቆረጡ ደረስኩባቸው። ስነግራቸው ማሳው ዳር ቁጭ አሉ፣ ብዙ ቆይተው እንባቸውን በፎጣቸው ጠረጉ።

«ግፊት አለባት» አሉኝ። «ረቡዕ ሐኪሙ ይያት። ደህና ነች ካለ ዓርብ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሽማግሎች ይዤ እመጣለሁ። መርዶ ሲነጋ ነው የሚነገር። እስከዚያ ፊትሽን ታጠቢ። ቴሌቪዥኑ እንዳይጠፋ፤ ያ ከጠፋ ታውቃለች። እንደ ወትሮሽ ሁኚ።»

እሺ አጎቴ አልኩ።

«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። እሳቸው ግን ራሳቸውም አልተጽናኑም።

አራት ቀን መደበቅ አለብኝ። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፣ ማልቀሻ ቦታ እንኳ የለኝም። ማታ እማ «ዓይንሽ ምን ሆነ?» ስትለኝ የጥቁር ጨርቅ ስፌት ነው አልኳት።

ማክሰኞ

እስከ ዓርብ የምጠነቀቅባቸው፦

ጥቁር አለመልበስ።
የሀያትን ፎቶ አለማየት። (ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሎ እንዴት አድርጌ?)
ስልክ ሲጠራ ወደ ውጭ አለመሮጥ።
እትዬ አበባን ከቤት ማራቅ።

እትዬ አበባ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ናት። ዓርብ ለሚመጣው ሰው ውኃና መቀመጫ እንድታዘጋጅ አጎቴ ሹክ ብለዋታል። ጠዋት ጎመን ይዛ ገባችና እማን ስታይ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። እማ «ምነው አበባ?» አለቻት። «ጥርሴን» አለች። እማ ተነስታ ቅርንፉድ ፈልጋ ሰጠቻት፣ እንዴት እንደምትነክሰውም አሳየቻት። ሳቄ መጣ። ወዲያው በሳቄ አፈርኩ።

ከአስር ሶላት በኋላ ድራማው ነበር። ባለጦሯ አልመጣችም። እማ ታላቂቱን እህት እያየች «ይቺ ደግሞ በር ላይ ተገትራ ትውላለች» አለች። እኔ «እውነትሽን ነው» አልኩ። ብከራከር ድምፄ ይከዳኛል ብዬ ፈርቼ ነው።

ዞር ብላ አየችኝ። «ባለጦሯ ብትኖር ይህ ሁሉ ባልደረሰ» አለች።

«አዎ፣ እሷማ ጎበዝ ናት።»

እንባ አልወጣኝም። ለዛሬ ይህም ትልቅ ነገር ነው።

ረቡዕ

ወልድያ ሄደን መጣን።

ሚኒባሱ በሲሪንቃ ሲያልፍ እማ ሁልጊዜ የምትለው ነገር አለ። የእርሻ ምርምር ማሳው ላይ በየመደቡ የተተከለውን፣ የዘሩ ስም የተጻፈበትን ትንንሽ ሰሌዳ ታይና «እዚህ ማሽላው እንኳ ስም አለው» ትላለች። ስንሄድ አለችው። ሳቅሁላት።

ሐኪሙ ግፊቷን ለካ። ደግሞ ለካ። «እናቴ፣ በጣም ጥሩ ነው፣ መድኃኒቱን በደንብ ወስደሻል» አላት። እማ ደስ ብሏት ወደኔ ዞረች። እኔ ግን አልተደሰትኩም። ከፍ ቢል ኖሮ መርዶው ይዘገይ ነበር። እናቴ እንድትታመም የምመኝ ሴት ሆኛለሁ፤ ከዚህ ደብተር በቀር ለማን እነግረዋለሁ?

ስንመለስ ገበያ ካልገባን አለች። ቀይ ሻሽ አነሳች። «ይሄ ነው ለሀያት የሚሆናት ወይስ አረንጓዴው?»

«ቀዩ» አልኩ። ምን እላለሁ?

ሻሹን ይዛ ጠበቀችኝ። ምን እንደምትጠብቅ መጀመሪያ አልገባኝም። «ለኔስ አትይም?» አለችኝ በመጨረሻ። እውነቷን ነው። ለሀያት ነገር በተገዛ ቁጥር ለኔስ ብዬ ሳልጨቃጨቅ ቀርቼ አላውቅም፤ ጡት ከጣለች ጀምሮ እንዲህ ነኝ። «ለሷ ይሻላል፣ ለኔ አለኝ» አልኳት።

ቀዩን ገዛች። ሚኒባሱ ውስጥ ጉያዋ ሸጉጣው ተቀመጠች። በሲሪንቃ ስናልፍ በመስኮቱ እያየች ነበር። ስለ ማሽላው ምንም አላለችም።

ሐሙስ

አወቀች።

ዛሬ ባለጦሯ መጣች። ስትመጣ የሚነፋው ጥሩምባ አለ፣ እሱ ተነፋ። ክንዷ ቆስሎ ነበር፤ ቆማ በላች፣ ታላቅ እህቷ ቁስሏን አሰረችላት። ከዚያ ጦሯን አንስታ ወጣች። ታላቂቱ በሩን ገርበብ አድርጋ ኮቴዋ እስኪጠፋ ስታዳምጥ እንባዬ አመለጠኝ። ማቆም አልቻልኩም።

«እንዴት ታሳዝናለች። እንዴት ደስ የምትል ልጅ ናት» አልኩ፣ የሚሸፍንልኝ መስሎኝ።

እማ ሪሞቱን አንስታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። ድራማው ሳያልቅ አጥፍታ አታውቅም። ነጠላዋን አውርዳ ቴሌቪዥኑ ላይ ጣል አደረገች፣ ተመልሳም ተቀመጠች።

«ሀያት መቼ ሞተች?» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«አንቺ ነሻ። እሑድ የሰደብሻትን ባለጦሯን ማክሰኞ አሞገስሽልኝ። ትናንት ለኔስ አላልሽም። አንቺ በእህትሽ እንዲህ የምትለዝቢ ልጅ አይደለሽም።»

ነገርኳት። ራሷን እንዳመማት፣ ሦስቱን ቀን፣ መቀበሯን፣ ሁሉንም። አልጮኸችም። ለጎረቤት እንዳይሰማ የሻርፗን ጫፍ አፏ ውስጥ ከትታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትወዛወዝ ጀመር። ጉልበቷን ይዤ ተቀመጥኩ።

ሻርፑን ከአፏ ስታወጣ «ወንድሜ መቼ ነው የሚመጣ?» አለች።

«ነገ ከሱብሂ በኋላ።»

«እንግዲያው እኔ አልሰማሁም። እሱ ይንገረኝ። ከሱ በፊት መስማቴን ካወቀ አንቺን ይቆጣሻል፣ እሱም እህቴን በወጉ ሳላረዳት ቀረሁ ብሎ ሲብሰለሰል ይኖራል። ሽማግሌ ነው፣ ይሄ አይጨመርበት።»

እኔም የያዘኝን አወጣሁ። ሀያት ስለ ጉድጓዱ ጠይቃኝ እንዳልመለስኩላት፣ እሑድ እማ ላኪላት ስትለኝ እንዳልላክሁ፣ እንደምቀናባት። ልጅ ሳለሁ ጀምሮ እንደምቀናባት።

እማ ፀጉሬን ዳበሰችኝ። «በደወለች ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ አንቺን ነው» አለች። «ሰዓዳ በልታለች? ዓይኗን አላመማትም? ስፌቱን ታሳርፈው በያት፣ ትለኛለች። እኔ ነኝ ሳልነግርሽ የቀረሁ።»

ይህን ከምሰማ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ

መጡ። አጎቴ እንድሪስ፣ ሁለት ሽማግሎች፣ ከወልድያ የሟች አባቴ ወንድም። እማ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻቸው፣ ምንም እንዳላወቀ ሰው «ምነው በጠዋቱ፣ ደህና ናችሁ?» አለች። አጎቴ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። የአላህን ውሳኔ፣ የሁላችንንም መመለሻ አስታወሱ። ከዚያ ስሟን ጠሩ።

ልታስመስል ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። አላስመሰለችም። ከትናንት ጀምራ ሻርፕ ውስጥ ያፈነችው ሁሉ ወጣ። እኔም ከሰኞ ጀምሮ የያዝኩትን ለቀቅሁት። እትዬ አበባ ከግድግዳው ማዶ ጮኸች፣ ከዚያ መንደሩ ገባ።

ቴሌቪዥኑን ሁለት ሰዎች ተሸክመው ወደ እትዬ አበባ ቤት ወሰዱት። ለቅሶ ቤት አይሆንም። ነጠላው እንደተጣለበት ነው የሄደው። ማንም ለምን እንደተሸፈነ አልጠየቀም።

አጎቴ በር ላይ ለብቻዬ አገኙኝና «ምንም ሳታሳውቂ ይዘሽ ቆየሽ። ጎበዝ» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። ቀዩ ሻሽ እማ ትራስ ሥር ነው።

ማክሰኞ

ሰው ቀንሷል። አጎቴ ወደ ማሽላቸው ተመልሰዋል። ያን እጅጌውን የገለበጥኩትን ሸሚዝ ፈትቼ ሰፋሁ።

እማ አትበላም። ከዓርብ ጀምሮ ሻይና ውኃ ብቻ። የግፊት መድኃኒቱን በባዶ ሆዷ ነው የምትውጠው። እትዬ አበባ ለመነች፣ እኔ ለመንኩ፣ ሼኹ ሳይቀሩ መከሯት። «እሺ» ትላለች፣ ሳህኑ እንደቀረበ ይነሳል። ከትናንት ወዲያ ስትቆም ግድግዳ ይዛ ነበር። እሷንም እንዳላጣት ፈራሁ።

ዛሬ ከአስር በኋላ ዳቦ ቆርሼ አጠገቧ አስቀመጥኩ። ከግድግዳው ማዶ የባለጦሯ ጥሩምባ ተሰማ። እትዬ አበባ ረስታ ድምፁን ለቃው ኖሯል፤ ወዲያው ቀነሰችው።

እማ ቀና አለች። «መጣች» አለች።

«ብትመጣስ? አንዷን ጭራቅ ገድላ ጥላቸው ልትሄድ ነው።»

ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው።

«ምቀኛ» አለችኝ።

ደካማ ነው ድምፅዋ፣ ቁጣው ግን የድሮው ቁጣ ነው። «ሄዳ ምን ልታደርግ ነው የሚመስልሽ፣ ሽርሽር?» አለችኝ። እኔም በር የሚጠብቅ ሰው ሥራ ፈት አይደለም አልኳት። እሷ ባለጦሯ ባትኖር ያ ቤት እስካሁን አመድ ነበር አለች። እኔ ኮቴውን ሰምቶ የሚጮህላት ባይኖር ጭራቁን የት ታገኘዋለች አልኩ። በመሀል እጇ ዳቦው ላይ ሄደ። ቆርሳ እየጎረሰች መለሰችልኝ፣ ደግሞ ቆረሰች። የምትበላ መሆኑን ያወቀች አልመሰለኝም። እንዳታቆም ብዬ የማላምንበትን ሁሉ እየጨመርኩ ተከራከርኩ። ሁለታችንም እያለቀስን ነበር። ሳህኑ ላይ ፍርፋሪ ቀረ።

አሁን ጋደም ብላለች። በረንዳ ወጥቼ ስልኬን ከፈትኩና በሀያት ቁጥር ላይ ድምፄን ቀዳሁ። «ወጥታለች» አልኩ። «ጭቃ በጭቃ ሆና ነው የወጣችው፣ ጦሯን አልጣለችም። እማ መከዳ አቅፋ ሳቀች። እኔም በልቻለሁ፣ ዓይኔን አላመመኝም።»

ላክሁት። አንድ ምልክት ብቻ ነው ስልኩ ያሳየኝ፣ አልደረሰም። እሑድ ብልከውም አትሰማውም ነበር፣ ያን ጊዜ ከተቀበረች ሳምንቷ ነበር። ይህን አውቃለሁ። ቢሆንም ጠይቃኝ ነበር።